ከጎንደር እስከ አሽቀሎን፦ ልጅን ለእስራኤል ትምህርት ቤት ማዘጋጀት

ጎንደር ውስጥ የበረራ ቀን የተነገረው ቤተሰብ ቤት ምን እንደሚመስል አብዛኞቻችን እናውቃለን። በርበሬው ይደለዛል፣ ሽሮው ይፈጫል፣ ድርቆሹ በማዳበሪያ ይታሰራል፣ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ይመሻል። እናት ለእህቷ የምትወስደውን ቡና ትለካለች፣ አባት የሻንጣው ኪሎ ያስጨንቀዋል፣ ልጆቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰናበታሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ልጁ ይማርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ሄዶ መሸኛ የሚያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። «ምን ያደርግለታል? እዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል» ይባላል።

እንደ አዲስ ግን አይጀምርም። እስራኤል ውስጥ ልጅ ክፍል የሚመደበው በዋናነት በዕድሜው ነው። ጎንደር አራተኛ ክፍል የነበረ ልጅ አሽቀሎን ሲደርስ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል፤ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ያልተማረውን እንደተማረ ተቆጥሮ። ስለዚህ ዝግጅቱ ከአውሮፕላኑ በፊት መጀመር አለበት።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንዱ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ተራውን የሚጠብቅ ወላጅ ነው። ሌላው እዚህ አሽቀሎን የሚኖርና ማታ ማታ በዋትስአፕ «ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?» ተብሎ የሚጠየቅ ዘመድ ነው። እውነቱን ለመናገር ይበልጥ የምጽፈው ለሁለተኛው ነው፤ ወላጅ ከማንም በላይ የሚሰማው ቀድሞ የሄደውን ዘመዱን ነውና። ዓመተ ምሕረቶቹ የኢትዮጵያ ናቸው ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቀደሙት እንዴት ሄዱ?

ልጅን ለትምህርት ባሕር ማዶ መላክ በእኛ ማኅበረሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ነው። ዣክ ፋይትሎቪች በ1905 ከኢትዮጵያ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ፦ ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን። ታምራት አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር የነበረ ነው። ፈረንሳይና ጣሊያን ተምሮ ተመለሰና በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መራ። ዮና ቦጋለም እንዲሁ በልጅነቱ ከወለቃ ተነሥቶ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ጀርመን ተምሮ ተመልሷል። ኋላ የማኅበረሰቡን ትምህርት ቤቶች ሲያስተዳድር የኖረው እሱ ነው። እኛ የምናነሣው እንግዲህ የተሳካላቸውን ነው። አብረዋቸው ከተላኩት መካከል በሰው አገር ታመው የሞቱ፣ ወላጆቻቸውን ዳግመኛ ያላዩም ነበሩ።

በ1955 አሥራ ሁለት፣ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ አምስት ልጆች ራዕናና አጠገብ ወዳለው ክፋር ባትያ ተላኩ። ባሩክ ተገኘና ዚምና ብርሃኔ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የእነዚህ ልጆች አካሄድ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየበት አንድ ነገር አለ። ወላጅም ልጅም ጉዞው ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፦ ሄደው ዕብራይስጥና ኦሪት ተምረው፣ ተመልሰው በየመንደራቸው እንዲያስተምሩ። ጥቂት ነበሩ፣ አብረው ነበሩ፣ መመለሻም ነበራቸው።

በኦፕሬሽን ሙሴ፣ ማለትም ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ፣ ወደ 8,000 ሰው ሲገባ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከዐሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች አብዛኞቹ በአሊያት ሃኖአር ሥር ወዳሉ ሃይማኖታዊ ፕኒሚያዎች ሄዱ። አሊያት ሃኖአር በ1933 የተመሠረተው የጀርመን አይሁድ ልጆችን ከናዚ ለማውጣት ነው። ወላጆቻቸው እዚያው የቀሩ ልጆች ስለነበሩ ተቋሙ ገና ሲጀመር ልጁ አጠገቡ ወላጅ እንደሌለው አድርጎ የታሰበ ነበር። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ በሱዳን መንገድ ወላጅ ያጡ ወይም የተለያዩ በመሆናቸው ይህ ቤት አስፈልጓቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ወላጅ ያላቸውም ግን እዚያው ገቡ። አባት «ልጄን ለመንግሥት አደራ ሰጠሁ» ብሎ አሰበ። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ሲመጣ ቋንቋው ተለውጧል፣ አባቱን የሚያየውም በሌላ ዓይን ነው። ያኔ ልጁ በመጠኑም ቢሆን ተዘጋጅቷል። ቤተሰቡን ያዘጋጀው ሰው ግን አልነበረም። ዛሬም የሚጎድለው ይኸው ይመስለኛል።

የልደት ቀን ነገር

ከሁሉ በፊት የሚስተካከል ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ብዙ ሰው «ስምንት ጨምር» ይላል። ሌላው «ሰባት ጨምር» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ይሳሳታሉ። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የተወለደ ልጅ ሰባት ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ የተወለደ ደግሞ ስምንት። መካፈያው የፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ነው።

አሁን ሁለት የሠፈር ልጆች እናስብ። አንዱ ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይህ ዲሴምበር 30 ቀን 2015 ነው። ሌላው ከአምስት ቀን በኋላ ታኅሣሥ 25 ተወለደ፤ ይህ ጃንዋሪ 4 ቀን 2016 ነው። እስራኤል ውስጥ በአሁኑ አሠራር የክፍል ድልድሉ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ዓመት ስለሆነ የመጀመሪያው ልጅ ከሁለተኛው አንድ ክፍል ቀድሞ ይሄዳል። የአምስት ቀን ልዩነት አንድ ዓመት ሆነ ማለት ነው። ይህ እንኳ ሕጉ ነው፣ ምን ይደረጋል። ችግሩ ሁለተኛውን ልጅ አንድ ጸሐፊ በስህተት «ሰባት» ጨምሮ 2015 ብሎ ሲጽፈው ነው። ልጁ ካለ ዕድሜው ከፍ ካሉ ልጆች ጋር ይቀመጣል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ፣ እስራኤል ኪታ አሌፍ የሚገባው በስድስት ዓመቱ ስለሆነ አንድ ዓመት ቀድሞውኑ ይጎድለዋል። ሁለት ዓመት ሆነ። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከነበረ ደግሞ ሦስት ወይም አራት።

ከዚህ የባሰው «ቀኑን አላውቀውም» ሲባል ነው። እዚህ አገር በመታወቂያቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው ስንት ኢትዮጵያውያን እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ በየቤቱ አለ፣ እንስቅበታለን እንጂ። ግን ቀኑን የማታውቅ እናት ወራቱን ታውቃለች። «የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ነበር»፣ «ጥምቀት አልፎ በሳምንቱ»፣ «ለሲግድ አምባ ሲወጣ እኔ አራስ ነበርኩ» ትላለች። ይህ በቂ መረጃ ነው። ወር ከታወቀ ሰባት ወይስ ስምንት የሚለው ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ አሽቀሎን ያለ ዘመድ በስልክ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ሥራ ይህ ነው፦ የእያንዳንዱን ልጅ የትውልድ ወር ጠይቆ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በፈረንጅ አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶ መላክ። ኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2016 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ሲወለዱ የተሰጠ የቀበሌ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። የክትባት ካርድ ያላቸው ግን አሉ። ያ ካርድ ላይ የተጻፈ ቀን ወርቅ ነው።

አንዴ ቴኡዳት ዜሁት ላይ ከተጻፈ በኋላ የልደት ቀን ማስለወጥ ይቻላል፤ ጉዳዩ ግን ወረቀትና ጊዜ ይበላል። ልጁ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የምንጠራው በአባት ስም ነው፤ እዚህ ሚሽፓኻ የሚባል የቤተሰብ ስም ይፈለጋል። ወንድማማቾች በተለያየ ጊዜ ሲገቡ አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በአያቱ ስም ተመዝግቦ ትምህርት ቤቱ ወንድማማች መሆናቸውን ሳያውቅ የቀረበት ጊዜ አለ። ቤተሰቡ ከመነሣቱ በፊት አንድ ስም ይምረጥና በላቲን ፊደል አጻጻፉንም አንድ ያድርግ።

ስለ ወረቀቱ አጭር ነገር ልበል። መሸኛ፣ ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ሪፖርት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ካለ እሱም፤ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ከፍ ላሉት፣ አሥራ ሁለተኛ ለጨረሱት፣ የማትሪክ ውጤትና ትራንስክሪፕት አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረስ ተረጋግጦ ቢመጣ ወደ ኋላ ሰው መላክ ይቀራል። ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ካለ ደግሞ አትደብቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። አስተማሪዋ ልጁ ሁለት ዓመት ክፍል እንዳልገባ ካላወቀች ግን አእምሮው የዘገየ ይመስላታል።

ዝም ያለ ልጅ

ጎንደር ያደገ ልጅ ታላቅ ሲያናግረው ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ ካልተጠየቀ አይናገርም። ይህ አስተዳደግ ነው፤ ጨዋ ልጅ የሚባለው እሱ ነው። እስራኤል ውስጥ አስተማሪዋ «ቲስታኬል ኤላይ» ትለዋለች፣ እየኝ ማለት ነው። ዓይኑን ይበልጥ ይሰብራል። እሷ የምታየው የማይሰማ ወይም የሚደብቀው ነገር ያለው ልጅ ነው።

ሌላም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ ወይም ቅንድባችንን ብቻ እናነሣለን። የማያውቅ ሰው ይህን መልስ ነው ብሎ አያስብም። አስተማሪዋ «ገባህ?» ትላለች፣ ልጁ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ እሷ መልስ አልሰጠኝም ብላ ትደግማለች፣ እሱ «መለስኩላት እኮ፣ ለምን ትቆጣኛለች?» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ይህን ለልጁ ቀድሞ መንገር ቀላል ነው፤ በጨዋታ ይለማመደዋል። ማታ ቤት ውስጥ አንዱ ሞራ ይሁን፣ ሌላው ተማሪ። ተማሪው ዓይን እያየ «ሎ ሄቫንቲ» (አልገባኝም) ይበል። ከመቶ ቃል ይህ አንድ ቃል ይጠቅመዋል። ኢትዮጵያ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል «አልገባኝም» የሚል ልጅ አስተማሪ የሚያስቸግር ይባላል፤ እዚህ ሠላሳ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል «አልገባኝም» የማይል ልጅ ነው የሚረሳው። አስተማሪንም «ቲቸር» ብሎ የለመደ ልጅ በስሟ ሲጠሯት ሲሰማ ይደነግጣል። አይደንግጥ፣ እዚህ ስድብ አይደለም። ግን ልጁ ቤት መጥቶ አባቱን በስሙ እንዳይጠራ የትምህርት ቤቱና የቤቱ ወግ የተለያየ መሆኑን ለይቶ መንገር ያስፈልጋል። አንዱን ወግ ጥሎ ሌላውን ያዝ ማለታችን አይደለም። የትኛው የት እንደሚሠራ ይወቅ ነው የምንለው።

ቋንቋውና ፊደሉ

ፊደል የቆጠረ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ያጠና ልጅ ሃያ ሁለት ፊደል አያስፈራውም። ቃላቱም ዘመዶች ናቸው። ቤት ባይት ነው፣ ራስ ሮሽ፣ ስም ሼም፣ ልብ ሌቭ፣ ደም ዳም፣ ነፍስ ኔፌሽ፣ ሰባት ሼቫ፣ ስምንት ሽሞኔ። ይህን ጎንደር ሳለ ማወቁ ለልጁ ትልቅ ድፍረት ይሰጠዋል፤ ዕብራይስጥ የባዕድ ግንብ መሆኑ ቀርቶ የአጎት ቤት ይመስለዋል።

የሚያስቸግረው ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉ አይደለም፣ እሱ በሳምንት ይለመዳል። የሚያስቸግረው አናባቢው ነው። አማርኛ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ይዞ ይመጣል፤ በ፣ ቡ፣ ቢ ብሎ ጨርሶ ይነግርሃል። ዕብራይስጥ በዝቅተኛ ክፍሎች ኒኩድ አለው፣ ቆይቶ ግን ነጥቡ ይነሣል። ቃሉን የሚያነበው ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ኪታ አሌፍ የገባ ታናሽ ወንድም በኒኩድ እያነበበ ሲሄድ፣ ኪታ ዛይን የገባችው ታላቅ እህት ነጥብ የሌለው የታሪክ መጽሐፍ ይሰጣታል። ታላቋ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሥራዋ ከበደ እንጂ። ቤተሰብ ሁለቱን ማወዳደር የለበትም።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ሌላ ግርታ አለ። ጽሑፉ ከቀኝ ይጀምራል፣ የሒሳቡ ስሌት ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። የማካፈያ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በሒሳብ ጎበዝ የነበረ ልጅ በመጀመሪያው ፈተና የሚወድቀው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ልጁ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ በሜዳ ላይ ዕብራይስጥ ሲያቀላጥፍ ሁሉም «ጨረሰ፣ ተማረ» ይላል። የካናዳው ተመራማሪ ጂም ኩሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረው ይህ የጨዋታ ቋንቋ መሆኑን ነው። የጨዋታው ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል፤ የመጽሐፉና የፈተናው ቋንቋ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። እዚህ እስራኤል ታማር ሌቪን፣ ኤላና ሾሃሚና በርናርድ ስፖልስኪ የስደተኛ ተማሪዎችን ውጤት ሲያጠኑ ያገኙት ጊዜ ከዚህም የረዘመ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ የዕብራይስጥ ሰዓት ልጁ «አፉን ስለፈታ» ብቻ ሊቆም አይገባም። ወላጅ ይህን መጠየቅ ይችላል።

አማርኛውንስ? «ዕብራይስጥ እንዲገባው አማርኛ አታናግሩት» የሚል ምክር ዛሬም ይሰማል። ይህ ምክር ተሳስቷል። እናት የማታውቀውን ቋንቋ ተሰባብራ ስታናግረው ልጁ ከሁለቱም ያጣል። በአማርኛ ተረት የሰማ፣ ነገር መዘርዘርና ምክንያት መስጠት የለመደ ልጅ ያንኑ ችሎታ ወደ ዕብራይስጥ ይዞት ይሻገራል። ማንበብ የማትችል እናትም ብትሆን «ዛሬ ምን ተማራችሁ? ከመጀመሪያው ንገረኝ» ማለት ትችላለች። ልጁ በአማርኛ ሲያስረዳት ትምህርቱን እየከለሰ ነው። አማርኛ ለባግሩት የሚፈተኑበት ትምህርት መሆኑንም ብዙ ቤተሰብ አያውቅም።

ልጅ ሲያስተረጉም

አሴፋት ሆሪም፣ የወላጆች ስብሰባ፣ ላይ ያየሁት ነው። መኻኔኼቷ ረጅም ነገር ትናገራለች። ልጁ ወደ አባቱ ዞሮ «ጎበዝ ነው አለች» ይላል። አባት እጅ ነሥቶ ይወጣል። ሳቅ የሚያመጣ ታሪክ ነው፤ ግን ልጁንም አትፍረዱበት። የራሱን ጥፋት በራሱ አፍ ለአባቱ እንዲናገር ያስቀመጥነው እኛ ነን። ቆይቶ ደግሞ የባንኩንም፣ የቁፓት ሆሊሙንም፣ የቤት ኪራዩንም ወረቀት እሱ ያነባል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የቤቱ አባወራ ይሆናል፤ አባት በገዛ ቤቱ እንግዳ።

መፍትሔው ያለ ነገር ነው። ፊደል የተባለው ማኅበር ለዓመታት ሲያሠለጥናቸው የኖሩት መገሽሪም፣ ማለትም በትምህርት ቤትና በቤተሰብ መካከል የሚያገናኙ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ለዚሁ ነው የተፈለጉት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ መገሸሬት አለች ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ከሌለች ስብሰባው አዋቂ አስተርጓሚ በሚገኝበት ቀን እንዲሆን መለመን ነውር የለውም። ዘመድም ቢሆን ይሂድ። ብቻ ልጁ አይሁን።

አንድ ስብሰባ ላይ ግን መለመን ሳይሆን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ «ልጁ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል» ካለ ቤተሰቡ ቫአዳት ዝካኡት ቬኢፍዩን ወደሚባለው ኮሚቴ ይጠራል። እዚያ የሚወሰነው ልጁ የልዩ ትምህርት አገልግሎት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው። አገልግሎቱ ለሚያስፈልገው ልጅ በረከት ነው፤ ስሙን ሰምቶ መሸሽም ጥፋት ነው። ግን ገና ዕብራይስጥ ያልገባው ልጅ በዕብራይስጥ አቭኻና ሲደረግለት የሚለካው ዕብራይስጡ ነው። በኦፕሬሽን ሙሴ የመጡ ወጣቶችን የሩቬን ፎየርሽታይን ቡድን ሲመረምር ይህ በግልጽ ታይቷል። በተለመደው ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት ልጆች አሠራሩን ለአጭር ጊዜ ካስተማሯቸው በኋላ ውጤታቸው በጣም ከፍ አለ። ቀድሞም የጎደለው የፈተናውን ዓይነት መልመድ እንጂ የማሰብ ችሎታ አልነበረም።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ ያልገባህን ወረቀት አትፈርም። «ቤት ወስጄ ላስነብበው» ማለት ትችላለህ። ኮሚቴው ፊት አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ይዘህ መግባት ትችላለህ። ውሳኔው ካልተስማማህ ይግባኝ ማለት ትችላለህ። እኛ አገር መምህርን «አይሆንም» ማለት ድፍረት ስለሆነ፣ ብዙ አባቶች ፈርመው ከወጡ በኋላ ነው ደጅ ላይ ቆመው «ምን ነበር የፈረምኩት?» የሚሉት።

አሽቀሎን ስለሆነ

ለሌላ ከተማ ብጽፍ ይህን ክፍል አላስገባውም ነበር። አሽቀሎን ከጋዛ ድንበር የምትርቀው ወደ 13 ኪሎ ሜትር ነው። ጼቫ አዶም ሲጮህ ወደ ማማድ ወይም ወደ ሚክላት ለመግባት ያለው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው። አዲስ ልጅ ይህን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ መስማት የለበትም። ጎንደር ተኩስ የሰማ ልጅ እንደለመደው መሬት ላይ ይተኛል፣ ወይም እናቱን ፍለጋ ወደ ቤት ይሮጣል። እዚህ ግን አስተማሪዋን ተከትሎ መሄድ ነው ያለበት፤ እናትም ልጇን ለማምጣት ወደ ትምህርት ቤት መሮጥ የለባትም። ይህን ሁለቱም ቀድመው ይስማሙበት። ሜርካዝ ክሊታ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋ እስከ ማማድ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እየቆጠሩ መሄድ በቂ ልምምድ ነው። ልጆቹ እንደ እሩጫ ውድድር ያዩታል፣ ይየው።

ሌሊት አልጋ የሚያረጥብ፣ ምግብ የሚተው፣ ድንገት የሚቆጣ ልጅ ካለ ለዮኤጼት መንገር ነው። «ዓይነ ጥላ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ወር ማሳለፍ አይገባም። ጠበሉም ቢሆን ቄሱም ቢሆን ከምክሩ ጋር አይጣላም።

የመጀመሪያው ቀን

የእስራኤል ትምህርት ሴፕቴምበር 1 ይከፈታል፤ በእኛ ነሐሴ 26 ማለት ነው፣ ከእንቁጣጣሽ አሥር ቀን በፊት። የሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እሑድ እንጂ ሰኞ አይደለም። ግዩር ላይ ያሉ ቤተሰቦች ልጆች በተለምዶ የሚመዘገቡት ማምላኽቲ ዳቲ ትምህርት ቤት ስለሆነ ለወንዱ ኪፓ፣ ለሴቷ ረጅም ቀሚስ ቀድሞ ይገዛ። የትምህርት ቤቱ ምልክት ያለበት ቲሸርትም ይጠየቃል።

ሰዓቱን ግን አደራ። ደወሉ በስምንት ነው ሲባል በእኛ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። «አሴፋ በስምንት» የሚል መልእክት ደርሷቸው በስምንት ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ በሁለት፣ ነጭ ለብሰው የሄዱና በሩ ተዘግቶ ያገኙት እናት አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ «እናትየው አትመጣም» ብሎ ጻፈ። እሷ ግን መጥታ ነበር።

ለልጁ የሚታሰርለት ምግብም እንዲሁ ነው። አሩኻት ኤሴር ይሉታል፣ የአሥር ሰዓት ምግብ። በእኛ አሥር ሰዓት የመክሰስ ጊዜ ስለሆነ «ከትምህርት ተመልሶ ቤት ይበላል» ብላ ባዶ ቦርሳ የምትሰድ እናት አለች። የእነሱ አሥር በእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ሳንድዊቻቸውን አውጥተው ሲበሉ እሱ መስኮት መስኮቱን ያያል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንጀራ ባይታሰርለትም ይሻላል፣ ሳይጠይቅ እንዳይሳቅበት። ከዚያ በኋላ ጓደኛ ሲያገኝ ራሱ «ነገ ዳቦ ጋግሪልኝ፣ ለእነሱም ላቅምሳቸው» ይላል።